አንድ ብልቃጥ ለሁለት ጭን

እኔ ቆዳ ወጣሪ ነኝ። የከብት አይደለም፣ የሰው። ሽማግሌው ነቃሽ ፔላሲዮ ጥርስ ያለውን አጥንት በበትር እየመታ ቀለሙን ሲያስገባ፣ አጠገቡ ተቀምጬ ቆዳውን በሁለት እጄ እንደ ከበሮ እወጥርለታለሁ። ደሙን እጠርጋለሁ። ተነቃሹ መጮህ ስለማይፈቀድለት፣ ጩኸቱ ተመልሶ ሆዱ እንዲገባ ወሬ አወራለታለሁ። በሳሞአ፣ በሳቫይ ደሴት፣ የእኔን ያህል የሹም ቂጥ የጨበጠ ሰው አይገኝም። በየስብሰባው በትራቸውን ተደግፈው የሚገሥጹን ትልልቅ ሰዎች ግራ ታፋቸው ላይ ሲደረስ እናታቸውን እንዴት አድርገው እንደሚጠሩ የምናውቀው እኔና ፔላሲዮ ብቻ ነን፤ ፔላሲዮ ደግሞ ጆሮው አይሰማም።

ንቅሳታችን ከወገብ ተነሥቶ ጉልበት ላይ የሚያልቅ፣ ሞት እንኳ የማያወልቀው ሱሪ ነው። የጀመረው ሰው መጨረስ አለበት። ግማሽ ላይ ያቆመ እስኪሞት ግማሽ ሰው ነው። ነፋስ ሽርጡን ባነሣው ቁጥር ውርደቱ ይታያል፤ ልጆቹም «የጎዶሎው ልጆች» እየተባሉ ያድጋሉ። ደግሞ ብቻውን የሚነቀስ የለም፣ ባልንጀራ ያስፈልገዋል። አንዱ ተነቅሶ ሲነሣ ሌላው እዚያው ደሙ ላይ ይተኛል። ካንድ ሳህን ይበላሉ፣ አንድ ምንጣፍ ላይ ያድራሉ። ለአንዱ የመጣ ነገር፣ ጉርሻም ይሁን ሕመም፣ ለሁለቱ የመጣ ነው።

ፋላኒኮ አባቱ ሲሞት የቤተሰቡን የማታይነት፣ ማለትም የሹምነት፣ ማዕረግ እንዲወርስ ዘመድ ሁሉ የተስማማበት ሰው ነበር። ዘመድ ሁሉ በአንድ ነገር ሲስማማ እኔ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቁመቱ ለጉድ ነው፤ ኮኮናት ሲያምረው ዛፍ አይወጣም፣ ዛፉ ራሱ ጎንበስ ይልለታል። ማዕረጉን ከመቀበሉ በፊት ሊነቀስ መጣ። ባልንጀራው የአክስቱ ልጅ ኔሚያ ሆነ፤ ዓሣ አጥማጅ፣ አንገቱ ከራሱ የሚሰፋ፣ ከሰው ጋር ከመነጋገር ከሻርክ ጋር መታገል የሚቀለው ሰው።

የሁለቱም ወገብ በሰላም አለፈ፤ ዳሌያቸውም እንደዚያው። የፋላኒኮ ግራ ጭን ላይ ስንደርስ ነው ነገር የተበላሸው። ጠዋት ቆዳውን ልወጥር እጄን ሳሳርፍ፣ ምድጃ ላይ ያስቀመጥኩት መሰለኝ። ቀላ፣ አበጠ፣ ከዚያም መግል ቋጠረ። ፔላሲዮ በትሩን አስቀምጦ አሽትቶ አየውና ፊቱን አዞረ። ፊቱን ያዞረው ደግሞ በዕድሜው ብዙ ቁስል ያየ ሰው ነው።

የደሴታችን ሆስፒታል ክኒን ሰጠው፣ ቀጥሎ መርፌ። ባሕሩን ተሻግረን በዋና ከተማችን አፒያ ወደሚገኘው ትልቁ ሆስፒታል ስንወስደው ደግሞ በጉሉኮስ የሚንጠባጠብ፣ ዋጋው የሚያስደነግጥ መድኃኒት ተተከለለት። ጀርሙ ሁሉንም ጠጣቸው፣ ወፈረባቸውም። ሐኪሙ የመድኃኒቶቹን ስም አንድ በአንድ እየጠራ «ይህም አይሠራም፣ ያም አይሠራም» ሲል እንደ ሙት ዓመት ጸሎት ነበር የሚሰማው። በመጨረሻ የቀረው መጋዝ እንደሆነ ነገረን። እግሩ ይቆረጥ፣ አለዚያ መርዙ ወደ ደሙ ይገባል አለን።

የፋላኒኮ እናት እማማ ሎሳ ሐኪሙን እስከ መጨረሻው በጨዋ ደንብ ሰማችው። ከዚያ ልጇን ሽርጡን አስታጠቀች፣ እኔንና ኔሚያን በዓይኗ ጠቀሰችን፣ ተሸክመነው ወጣን። ነርሷ በር ላይ «ወዴት ነው የምትወስዱት?» ብላ ስትጠይቅ፣ እማማ ሎሳ ዞር ሳትል «ሁለት እግር ወዳለበት ቤት» አለቻት።

እንዲህ ሸሽተን መንደራችን እንደገባን ነው ዶክተር ሞኤላንጊ ተከትላን የመጣችው። ወላጆቿ የእኛው ሰዎች ናቸው፣ እሷ ግን አውስትራሊያ፣ ብሪዝበን ተወልዳ ያደገች ነች። ቋንቋችንን የተማረችው ከቤተ ክርስቲያን መዝሙር ነው መሰለኝ፤ ጨው አቀብሉኝ ስትል እንኳ የምትባርክ ትመስላለች። ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ አዲስ ቅባት ትሞክር ነበር፤ መድኃኒት ለማይበግረው ቁስል የሚሆን፣ ከብር ማዕድን የተሠራ። ለፋላኒኮ ፈቃድ አውጥታ፣ ብልቃጦቹን በበረዶ ሳጥን ይዛ መጣች።

ግድግዳ በሌለው ቤታችን ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ አስረዳችን። ብሩ ተፈጭቶ ተፈጭቶ ከትቢያ ያነሰ ነው፣ ናኖ ቅንጣት ይባላል አለች። ምን ያህል እንደሚያንስ ስጠይቃት፣ አንዲት ዘለላ ፀጉር መንገድ ብትሆን ሺዎቹ ጎን ለጎን ሳይጋፉ ይሄዱባታል አለችኝ። እኔም ለመንደሩ ሳስተላልፍ፣ የሳሞአ ሕዝብ በሙሉ ከነአሳማው በአንዲት የቅንድብ ፀጉር ላይ ተሰልፎ እየዘፈነ ሲሄድ፣ አሳማዎቹ እንኳ ሳይጎሻሸሙ፣ ብዬ ነገርኳቸው። ጀርሙን እንዴት እንደሚገድለው ግን ምንም አልጨመርኩበትም። ከየአቅጣጫው ተሰብስበው ቆዳውን ይበሱታል፣ ውስጡም ገብተው ያተራምሱታል አለች። አንቲባዮቲክ በአንድ በር ነው የሚገባው፣ ጀርሙም ያንን በር መዝጋት ተምሯል። እነዚህ በየትኛው እንደሚገቡ ስለማያውቅ መልመዱ ይከብደዋል።

«እንግዲያው ይነቅሱታል በይኛ» አልኳት።

ሳቀች። «አዎ፣ ይነቅሱታል። ጀርሙ ግን ባልንጀራ የለውም።»

ተአምር እንዳልሆነ ግን ደጋግማ ነገረችን። ገና በሙከራ ላይ ነው፤ በብርጭቆ ሳህን ላይ ሠርቷል፣ በአይጥ ላይ ሠርቷል፣ በጥቂት ሰዎችም ላይ ሠርቷል። ቁስሉን በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ቀብታችሁ ሸፍኑት ብላ፣ አቀባቡን ለእማማ ሎሳ በገዛ እጇ አሳይታ፣ ሌሎች ሕመምተኞች ስላሏት በሳምንቱ ልትመለስ ወደ አፒያ ሄደች።

ከዚያ በኋላ እማማ ሎሳ ያደረገችውን ማንኛችንም ብንሆን እናደርገው ነበር። በእኛ አገር የንቅሳት ቁስል የሚታጠበው በባሕር ነው። ነቃሹ በትሩን ሲያስቀምጥ ባልንጀሮቹ ተያይዘው ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ፣ ጨዉ ያንገበግባቸዋል፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ይስቃሉ። አባቶቻችን እንዲህ ዳኑ። የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያው ውስጥ እንሽላሊት ይሞትበታል፣ ትንኝ ይፈለፈልበታል። ባሕር ግን ይንቀሳቀሳል፣ የቆመ ነገር አይወድም፤ ከእሱ የጸዳ ውኃ ደግሞ አናውቅም። ስለዚህ ጠዋትና ማታ እኔና ኔሚያ ፋላኒኮን በትከሻችን ደግፈን እስከ ወገቡ እናስገባዋለን፣ እማማ ሎሳ እየዘመረች ቁስሉን ታጥበዋለች፣ ከዚያ ጨዉ ገና ቆዳው ላይ እያለ ቅባቱን ታለብሰዋለች። አንዲት ጠብታ እንዳትባክን ብልቃጡን በጣቷ ትጠርገው ነበር።

ፋላኒኮ በየቀኑ ከሳ። ትኩሳቱ ሲነሣበት ከሟች አባቱ ጋር ያወራል፤ ስለ ማዕረጉ ይሟገታል፤ አንዳንዴም አባቱን ይሰድበዋል። በጤናው ቢሆን ደፍሮ አይለውም ነበር። እኔ ጨዋታ ባመጣለት እንኳ የሚስቀው እኔን ለማስደሰት ነበር። ያ ነው ተስፋ ያስቆረጠኝ። ለሰው ብሎ የሚስቅ ሕመምተኛ አልወድም።

ዶክተር ሞኤላንጊ ስትመለስ ፋሻውን ፈታች። ቅባቱ በሄደችበት ቀን እንደ ደካማ ሻይ ያለ የጠራ ነገር ነበር፤ አሁን ቁስሉ ላይ ግራጫ ሆኖ፣ እንደ ተበጣጠሰ ወተት ጓጉሎ ተቀምጧል። በመቆንጠጫ አንሥታ ጣቷ ላይ አሸችው። አሸዋ መሰለ።

«እማማ፣ በምን ነበር የሚያጥቡት?»

«በባሕር ነዋ፣ ልጄ» አለች እማማ ሎሳ፣ ደረቷን ነፋ አድርጋ። «ጠዋት ማታ። አንድ ቀን አልዘለልኩም።»

ዶክተሯ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። ስትናገር እማማ ሎሳን ማየት አልቻለችም። ትንንሾቹ የብር ቅንጣቶች የሚሠሩት ተለያይተው ሲቆሙ ነው አለች። ጨው ሲያገኛቸው ግን ይተቃቀፋሉ፣ ይጓጉላሉ፣ ተራ ጠጠር ይሆናሉ፤ ጠጠር ደግሞ ጀርም አይበሳም። ሳምንቱን ሙሉ የቀባነው ጠጠር ነበር።

እማማ ሎሳ እጆቿን አየቻቸው። «እኔ ነኝ በይኛ» አለች።

«የለም፣ እማማ። እኔ ነኝ። ባሕር አይንካው ብዬ መናገር ነበረብኝ። ሰው ቁስሉን ባሕር ውስጥ ያጥባል ብዬ አላሰብኩም።»

«ታዲያ የት ያጥባል?» አለች እማማ ሎሳ። እውነት ጠፍቷት ነው የጠየቀችው።

የዚያኑ ቀን በመርከብ ወደ አፒያ ተመለስን። ማዕበል ነበር። ፋላኒኮን መኪና የሚቆምበት ወለል ላይ፣ በሁለት የጎደሬ ጆንያ መካከል አስተኛነው፤ መርከቡ ባዘነበለ ቁጥር ጆንያውን በእግራችን እንደግፋለን። ዶክተሯ ብልቃጦቹን ሁሉ ለእኛ ሰጥታን ስለነበር የቀራት አንድ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ፤ እሱም በሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ሌላ ከብሪዝበን ተፈቅዶ፣ ታሽጎ፣ በአውሮፕላን እስኪመጣ ቁስሉ አይጠብቅም። አንድ ሙሉ ብልቃጥ፣ ጨው ሳይነካው፣ ምናልባት አለች። «ምናልባት» የምትለውን ቃል እንዴት አድርጋ እንደያዘቻት ብታዩ፣ እንቁላል መስላችሁ ትጠነቀቁላት ነበር።

እንዲህ ስናወራ ኔሚያ ውኃ ሊያመጣ ተነሣ። አነከሰ። ዶክተሯ አየችው።

«አንተ፣ ና እስቲ። ሽርጥህን ግለጥ።»

ኔሚያ ዙሪያውን ቃኘ። «እዚህ? ሴቶች ባሉበት?»

«የእኔ እጅ ያልነካው ምን አለህና ነው የምታፍረው?» አልኩት። ሳይፈቅድልኝ ጨርቁን አነሣሁበት።

ቀኝ ጭኑ ላይ፣ ንቅሳቱ እስካሁን ከደረሰበት ዝቅ ብሎ፣ የኮኮናት ዓይን የምታህል ቀይ ቁስል ነበረች፤ ዙሪያዋ ጠንክሯል። ከፋላኒኮ ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ ሲተኛ ነው የተጋባበት። መቼ እንደጀመረው ስትጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። ባልንጀራው እዚያ ሥቃይ ውስጥ ተኝቶ፣ እሱ ስለ አንዲት ብጉር አፉን ሊከፍት ነው? በእኛ ዘንድ የሚያማርር ተነቃሽ አይወራለትም፤ ይወራበታል።

ሆስፒታል ደርሰን ሁለቱን ከሌላው ሰው ለይተው ትንሽ ክፍል ውስጥ አስገቧቸው፣ በመካከላቸው መጋረጃ አድርገው። መጋረጃውን ኔሚያ ወዲያው ቀደደው። ለኔሚያ የተደረገው ፈጣን ምርመራ ያንኑ ጀርም አሳየ፤ ያንኑ ለመድኃኒት የማይበገረውን። ቀዶ ሐኪሙ መጥቶ የፋላኒኮን ጭን ተጫነው፣ ተጫነው፣ ለከሰዓት በኋላ የቀዶ ጥገናው ክፍል ይዘጋጅ ብሎ ወጣ።

ዶክተር ሞኤላንጊ በሩን ዘግታ እውነቱን ነገረችን። ብልቃጡ አንድ ነው፤ ለሁለት ከተከፈለ ለማንም አይበቃም፣ ጀርሙን ማባበል ይሆናል። ለፋላኒኮ ቢደረግ፣ ቁስሉ ወደ ጥልቁ ስለወረደ፣ እግሩን የማትረፉ ዕድል ከአሥር ሁለት ብትሆን ነው። ለኔሚያ ቢደረግ፣ ገና ከላይ ስለሆነች፣ ስምንት። ፈቃዱ ግን በፋላኒኮ ስም ነው፤ እሱ ሕክምናውን ካልተወው በቀር ለሌላ ልትሰጠው አትችልም። ይህን ተናግራ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ለእሱ ነው» አለ ፋላኒኮ።

«ለማን ነው?» ኔሚያ ከአልጋው ቀና አለ። «ለእኔ? አንተ አሳማ፣ ለዚህች ብጉር ነው እግርህን የምትሰጠው?»

«የእኔም ብጉር ነበረች ስትጀምር።»

«ይቅርብኝ። እናትህ ፊት እንዴት አድርጌ እቆማለሁ?»

«በሁለት እግርህ ትቆማለህ። እኔ ነኝ የምቸገረው።»

«አትቀልድብኝ፣ ፋላኒኮ።»

«ማን ቀለደ? ከአሥር ሁለት ብላለች። አንተ እኮ የመያዝ ዕድሉ ከአሥር ሁለት ለሆነ ዓሣ መረብ አትጥልም።»

«አብረን ነው የጀመርነው» አለ ኔሚያ። ድምፁ ተሰበረ። «ከተቆረጥክ እኔም እቆረጣለሁ። አበቃ። ያንን ነገር ወደ እኔ ይዛችሁ ብትመጡ በመስኮት ነው የምጥለው።» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አንሶላውን እስከ አናቱ ሳበ። ያንን አንገት ማንም ሊያዞረው እንደማይችል ሁላችንም እናውቃለን።

ዶክተሯ ለኔሚያ ፈቃድ በስልክ ልትጠይቅ ወጣች። ጥቂት ቆይተው ፋላኒኮን ለማዘጋጀት አልጋውን እየገፉ ወሰዱት። እኔ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ተከተልኩት። እማማ ሎሳ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ በየጊዜው እየተነሣች ከቧንቧው እጇን ትታጠብ ነበር፤ ከዚያ ትመለሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ደግሞ ትነሣለች። ፋላኒኮ አጠገቧ ሲያልፍ እጁን ዘርግቶ ጉልበቷን ነካት። ቀጥሎ በጣቱ ወደ አፉ እንድጠጋ ጠራኝ። ትንፋሹ ይጋረፍ ነበር።

«ሴሚ» አለኝ። «ዕድሜህን ሙሉ በነጻ ስትዋሽ ኖረሃል። ዛሬ አንዴ ለእኔ ዋሽልኝ።»

ምን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። እኔ ብዙ ትምህርት የለኝም፤ ሰባተኛ ክፍል ላይ አስተማሪው ነው ወይስ እኔ ነኝ የምሄደው ተብሎ እኔ ሄድኩ። ይህን ግን ለመረዳት ትምህርት አላስፈለገኝም። ሥራዬን ከእሱ በፊት ማንም እንዲህ በቁም ነገር አላዘዘኝም ነበር።

ወደ ኔሚያ ክፍል እየሮጥኩ ገባሁ። መሮጡ ለጨዋታው ነው። ትንፋሼን ሰብሰብ ሳላደርግ አውሮፕላኑ መጣ አልኩት። አንሶላው ተንቀሳቀሰ። ከብሪዝበን፣ አንድ ሳጥን ሙሉ፣ አሥር ብልቃጥ! አብራሪው ሳጥኑን ጭኑ ላይ አቅፎ ነው የመጣው፤ ጎማው መሬት ሲነካ እንኳ አልለቀቀውም፣ አውሮፕላኑ ራሱ ነው ያረፈው። ጉምሩክ ላይ አንዱ ወፍራም ሰውዬ ክፈት ቢለው፣ «ብከፍተው ብሩ ባፍንጫህ ይገባና ባስነጠስክ ቁጥር ማንኪያ ነው የምትተፋው» ብሎት ሰውየው አፍንጫውን ይዞ አሳለፈው። አሁን ፋላኒኮን ሊቀቡት ወስደውታል። መጋዙ ቀርቷል። የድሮዋን ብልቃጥ ማንም አልፈለጋትም፤ እንዳትበላሽ ላንተ ትሁን ብለዋል።

አንሶላው ወረደ። ዓይኖቹ በትኩሳት ቀልተዋል።

«ማልልኝ» አለኝ።

«በእናቴ መቃብር።»

ትንሽ ቢያስብበት ኖሮ እናቴ በዚያው ጠዋት መርከቡ ድረስ መጥታ በኮኮናት ወተት የበሰለ ጎደሬ እንዳጎረሰችው ያስታውስ ነበር። አላሰበበትም። ማመን የፈለገ ሰው መቃብር አይቆፍርም።

«መጋዙ ቀርቷል?»

«ቀርቷል አልኩህ እኮ።»

አለቀሰ። ያ ሻርክ የሚያባርር ሰው ትራሱን ነክሶ አለቀሰ፣ ደስ ብሎት። እኔ መስኮቱ ጋ ሄጄ ስለ አብራሪው ጢም ማውራት ቀጠልኩ፤ ካቆምኩ ምን እንደሚከተል አውቄዋለሁና።

ዶክተሯ ፈቃዱን አግኝታ፣ ብልቃጧን በሁለት እጇ ይዛ ገባች። ነገሩ ምን እንደሆነ ገብቶት እንደተስማማ ጠየቀችው። አዎ፣ ሴሚ ሁሉንም ነግሮኛል አላት። ወደ እኔ ዞር ብላ ምን ብዬ እንደነገርኩት ጠየቀችኝ። እውነቱን ነው አልኳት። ቆም ብላ አየችኝ። ከዚያ አንዲት ነርስ በሩን ከፍታ ፋላኒኮ ማደንዘዣ እንደወሰደ ነገረቻት። ዶክተሯ ጓንቷን አጠለቀች። ቁስሉን ተጣርቶ በታሸገ ውኃ አጠበችው፣ አደረቀችው፣ ቅባቱን ዘረጋችበት። የጠራ ነበር፣ እንደ ደካማ ሻይ። ጠርቶም ቀረ።

ፋላኒኮ በማግሥቱ ጠዋት ነው ወደ ክፍሉ የተመለሰው። ኔሚያ እኔ ላይ የነበረውን ዓይኑን አንሥቶ ወደ አልጋው አየ። አንሶላው በቀኝ በኩል እስከ ታች ኮረብታ ይሠራል፤ በግራ በኩል ግን ከመካከል በታች ጠፍጣፋ ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሥቶ፣ ያልታመመውን እግሩን እያስቀደመ ወደ እኔ መጣ።

«አሥሩ ብልቃጥ የት አለ?»

አብራሪ፣ ጉምሩክ፣ ጢም፣ ሁሉም ጥለውኝ ሄዱ። ሸሚዜን ጨብጦ ግድግዳው ላይ አጣበቀኝ፤ እግሬ መሬት መልቀቁን አስታውሳለሁ። ይምታኝ ብዬ ጠበቅሁ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«ተወው» አለ ፋላኒኮ ከአልጋው። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። «እኔ ነኝ ያስዋሸሁት። ጥፊውን አስቀምጥልኝ፣ ስነሣ ለእኔ ትሰጠኛለህ።»

«በየትኛው እግርህ ልትነሣ?» ብሎ ጮኸበት ኔሚያ።

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። ለቀቀኝ። ግድግዳው ሥር ወረድኩ። እሱ ግን እዚያው ቆሞ፣ አፉን በመዳፉ ይዞ፣ ፋላኒኮን ያይ ነበር። ፋላኒኮም መሳቅ ጀመረ፤ መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ መላ ሰውነቱ፣ የተሰፋው ቁስል እየሳበው፣ እያቃሰተ፣ እንባው ወደ ጆሮው እየፈሰሰ። እማማ ሎሳ ሳቁን ሰምታ በሩ ላይ ቆመች። ገብታ ከአልጋው ግርጌ ተቀመጠች፤ እጇን እግሩ ሊሆን በሚገባው ቦታ ላይ፣ በባዶው አንሶላ ላይ አሳረፈች።

የኔሚያ ቁስል ደረቀ፤ ቅርፊቱም ወድቆ ከሥሩ አዲስ ቆዳ ወጣ። የፋላኒኮ ትኩሳት ግን ለመውረድ ቸኩሎ አያውቅም፤ ወረደ ስንል ይወጣል፣ ወጣ ስንል ይወርዳል። በመጨረሻ ዶክተሯ ወደ ቤት ትሄዳለህ አለችው። ፔላሲዮ የኔሚያን ንቅሳት ልጨርስለት ብሎ ሦስት ጊዜ ላከበት፤ አልመጣም። ፋላኒኮ ራሱ ለመነው፣ ተቆጣው፣ ሰደበው። ባልንጀራዬ ባቆመበት አቆማለሁ አለ። የማዕረጉ ቦታ አሁንም ባዶውን ነው፤ ንቅሳቱ የጎደለ ሰው ይሾማል አይሾምም እያሉ ሹማምንቱ ተሰብስበው ያወራሉ፣ ይተኛሉ፣ ደግሞ ይሰበሰባሉ። የልጆቻችን አፍ የሚከደን አይደለምና፣ በመንደሩ ዳር ሁለቱ ሲያልፉ ጎዶሎዎቹ መጡ ሲሉ እሰማለሁ።

ኔሚያ እስከ ዛሬ አላናገረኝም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ያለሁበትን አየር አልፎ ያያል። ከፋላኒኮ ግን አይለይም። ወደ ቤተ ክርስቲያንም ይሁን ወደ ገበያ ሲሄዱ ሁልጊዜ በግራው በኩል፣ እግሩ በጎደለበት በኩል ነው የሚሄደው። ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ደግሞ ይቆማሉ፤ አይገቡም።